የፖስትግሬስኪውኤል አቅምና ውላጆቹ፦ ከጤና ሪፖርት መረጃ አንጻር

መግቢያ

ፖስትግሬስኪውኤል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተጀመረው የፖስትግሬስ ፕሮጀክት ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ እንዲያሻሽል፣ ከፈለገም ዘግቶ እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ በርካታ ሥርዓቶች ከእርሱ ተወልደዋል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ2 መረጃውን የሚያኖረው በዚሁ ዳታቤዝ ነው፤ ከመካነ ሰላምና ከቦረና ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የሚነሳው ወርሃዊ ሪፖርትም መድረሻው እዚያው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የመረጃው መብዛት ወደ ውላጅ ሥርዓት መሸጋገርን ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚል ነው።

የአቅም ወሰን

በመደበኛ ቅንብር አንድ ሠንጠረዥ እስከ 32 ቴራባይት ይይዛል። ይህ ወሰን የመጣው የገጾች መለያ ቁጥር 32 ቢት፣ የአንዱ ገጽ መጠን ደግሞ 8 ኪሎባይት በመሆኑ ነው። ለምሳሌ 1,000 ተቋማት እያንዳንዳቸው በወር 1,000 እሴት ቢያስገቡ በዓመት 12 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። አንዱ ረድፍ 200 ባይት ቢወስድ ድምሩ 2.4 ጊጋባይት ነው። በዚህ ስሌት ወሰኑ ላይ ለመድረስ ከ13,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ቀድሞ የሚከብደው ማከማቸቱ ሳይሆን ትንተናው ነው፤ ዲኤችአይኤስ2 የትንተና ሠንጠረዦችን ከጥሬው መረጃ ገልብጦ ሲያዘጋጅ ዲስኩና ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃሉ።

ውላጆቹና ዋጋቸው

ግሪንፕለምና ሬድሺፍት አንድን ሠንጠረዥ ለብዙ ሰርቨሮች አከፋፍለው መጠይቁን ጎን ለጎን ያስኬዳሉ፤ ስለዚህ ለሰፊ ትንተና ይመቻሉ። ነገር ግን ሬድሺፍት ረድፍ እንዳይደገም የሚከለክለውን ፕራይመሪ ኪይ ቢመዘግብም አያስከብረውም። የአንድ ጤና ጣቢያ የአንድ ወር የወባ ሕሙማን ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢገባ ፖስትግሬስኪውኤል ሁለተኛውን ይመልሰዋል፤ ሬድሺፍት ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ድምሩ ይታጠፋል፤ በድምሩ ላይ የተመሠረተው የመድኃኒት ጥያቄም ይዛባል።

ሲተስ ከዋናው ኮድ የተገነጠለ ሳይሆን በላዩ የሚጫን ቅጥያ ነው። ቁልፉን ያስከብራል፤ ሆኖም ሠንጠረዡ የሚከፋፈልበት ዓምድ የቁልፉ አካል እንዲሆን ግድ ይላል። ግሪንፕለም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም በ2024 ይፋዊው የኮድ ማከማቻ ተዘግቷል። የውላጅ ክፍትነት የባለቤቱን ውሳኔ ተከትሎ ሊቀየር እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ማጠቃለያ

ለመዝገብነት ከዋናው ሥርዓት የሚያስወጣ የአቅም ምክንያት የለም። ትንተናው ሲከብድ ሠንጠረዦችን በዓመት መከፋፈል፣ ማህደረ ትውስታ መጨመርና ዝግጅቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ይቀድማል። ውላጅ ሥርዓት ካስፈለገም ከመዝገቡ የተቀዳና ድግግሞሹ የተጣራ ቅጂ ብቻ ሊሰጠው ይገባል። ምርጫው መመዘን ያለበት ሥርዓቱ ስንት ቴራባይት ይይዛል በሚለው ብቻ ሳይሆን ከዋናው ዋስትናዎች የትኛውን ትቷል በሚለው ጭምር ነው።