ልጆቻችንን ከመጠጥ ስለ መጠበቅ
ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በሲኤምሲ ሠፈር በብዙ ቤቶች አባትና እናት ማለዳ ለሥራ ወጥተው አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ይገባና የቤቱን ቁልፍ ይዞ ብቻውን ይቆያል። ቀድሞ ጎረቤት የሰው ልጅ ሲያጠፋ ቢያይ ይገሥጽ፤ ለወላጁም ይነግር ነበር። ዛሬ በአጥርና በፎቅ ተለያይተን ስለምንኖር ይህ መልካም ልማድ ላልቷል። ስለዚህ መጠጥ የጀመረ ልጅ ለብዙ ወራት ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችላል። ወላጆች ይህን በጊዜው እንዴት ሊያውቁና ሊከላከሉ እንደሚችሉ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መጠጥ በልጅ ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጠላም ሆነ ጠጅ፤ ቢራም ሆነ አረቄ፤ የሚያሰክረው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም አልኮል ይባላል። ብዙ ሰዎች «ቢራ ቀላል ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለበት የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለበት የ40 ሚሊ ሊትር አንድ መለኪያ አረቄም የያዘው ይህንኑ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ልጅ አንድ መለኪያ አረቄ እንደ ጠጣ ይቆጠራል።

አልኮልን ከደም የሚያስወግደው በተለይ ጉበት ነው፤ ለዚህ መጠን የዐዋቂ ጉበት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቡና መጠጣትም ሆነ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ሥራውን አያፋጥነውም። በትንንሽ ሕፃናት ደግሞ አልኮል የደምን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ ይችላል። ከዚህም በላይ ሰው ራሱን እንዲገታና ነገሩን እንዲያመዛዝን የሚያደርገው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ይቆያል። በለጋነቱ የሚጠጣ ልጅ ይህን ዕድገት ያውካል፤ ወደፊትም የመጠጥ ሱሰኛ ለመሆን የበለጠ የተጋለጠ ነው።

የሚታዩ ምልክቶች

ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው የልጁን መለወጥ ነው። ከሚታዩት ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. ትንፋሹ መጠጥ ይሸታል፤ ወይም ይህን ለመሸፈን ወደ ቤት በገባ ቁጥር ማስቲካ ያኝካል።
2. ዐይኑ ይቀላል፤ አነጋገሩ ይጎተታል፤ ሲገባ ከወላጆቹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን ሸሽቶ በቀጥታ ወደ መኝታው ይሄዳል።
3. ከምሳ በኋላ ከክፍል ይቀራል፤ ውጤቱ ይወርዳል፤ ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም ንባብ ይተዋል።
4. ገንዘብ ከቤት ይጠፋል፤ በመደርደሪያ ያለው መጠጥ ይጎድላል፤ ወይም ውኃ እየተጨመረበት ይቀጥናል።
5. የቀድሞ ባልንጀሮቹን ትቶ ስማቸውን የማይናገራቸውን አዳዲስ ጓደኞች ይይዛል።
6. በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል።

ከነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሐዘን ወይም ሌላ ሕመምም ልጅን ሊለውጠው ይችላል። ሁለት ሦስቱ አብረው ሲታዩ ግን ዝም ማለት አይገባም።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ልጁ ሰክሮ በገባበት ሌሊት መቆጣት አይጠቅምም፤ የሚባለውን አይሰማምና። በማግስቱ አእምሮው ሲረጋ ለብቻው አስቀምጦ፣ «ልጄ፤ ትናንት ስትገባ መጠጥ ሸትቶኛል። ልደበድብህ አይደለም የጠራሁህ፤ እውነቱን እንድትነግረኝ ነው» ማለት ይሻላል። ዱላ ልጁን የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ቀጥሎም ከማን ጋር፣ የት፣ ስለ ምን እንደሚጠጣ በትዕግሥት ማዳመጥ፤ ከመምህሩም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ ግን ቤት ዘግቶ በድንገት ማስተው የሚጥል በሽታ ሊያመጣበትና ሕይወቱንም ሊያሳጣው ስለሚችል ወደ ሐኪም መውሰድ ግዴታ ነው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሱስ ለተያዙ ሰዎች ሕክምና ይሰጣል። ሱስ በሽታ ነውና ልጅን ማሳከም ነውር አይደለም።

ልጁ ጠጥቶ ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ገላው የቀዘቀዘ ከሆነ ብቻውን አትተዉት። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት፤ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

አስቀድሞ ስለ መከላከል

ሕጉ በእኛ በኩል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ አግዷል። ነገር ግን ሕግ ከደጃፋችን አልፎ ወደ ማጀታችን አይገባም። ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ጽዋ የሚቀበሉት ከመጠጥ ቤት ሳይሆን ከአባት ወይም ከአጎት እጅ ነው። በበዓል ቀን «ትንሽ ይቅመስ» የምንል፤ «ሂድና ቢራ አምጣልኝ» ብለን ወደ ሱቅ የምንልክ፤ ስንሰክርም ልጁ እያየ የምንስቅ እኛው ነን። እንግዲህ ጥበቃው ከራሳችን መጀመር አለበት።

ስለዚህ መጠጥን በቁልፍ እናስቀምጥ፤ ለልጅ አናቅምስ፤ ለመግዛትም አንላከው። ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ያለውን ሰዓት በጥናት፣ በስፖርትና በቤት ሥራ እናስይዝለት። ተማሪዎች «ከለር ዴይ» እያሉ ለሚያደርጉት መሰናበቻ ከመሄዱ በፊት የት፣ ከማን ጋር እንደሚውልና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ እንነጋገር። ከሁሉም በላይ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በራት ገበታ፣ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን እናውጋ። በየቀኑ የሚያወራው ወላጅ የልጁን ለውጥ በሳምንት ያውቀዋል፤ የማያወራው ግን ከሰው አፍ ይሰማዋል።

ለመምህራን፤ በክፍል የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. አንድ ጠርሙስ ቢራና አንድ መለኪያ አረቄ በአልኮል መጠን የሚተካከሉት እንዴት ነው?
2. ቡና የጠጣ ሰካራም ስካሩ ቶሎ የማይለቀው ስለ ምንድን ነው?
3. ጓደኛችሁ ጠጥቶ ሲጠሩት ባይነቃ ምን ታደርጋላችሁ?