የመልክዓ ምድርና የወቅት ተጽዕኖ በደጋ ከተማ አየር ጥራት ላይ፦ የመሐል ሜዳ ሁኔታ

ስለ አየር ብክለት ሲወሳ ትኩረት የሚስቡት አዲስ አበባና የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። የደጋ የገጠር ከተማ «ነፋሻ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳን በማሳያነት በመውሰድ፣ አባባሉ ከቀኑ ለጥቂት ሰዓታት፣ ያውም ለደጅ አየር ብቻ እንደሚሠራ ለማሳየት ይሞክራል። ጉዳዩ ከአካዳሚ ክርክር ያለፈ ነው፤ መለኪያው ያለቦታውና ያለጊዜው ከተተከለ፣ ዕድሜዋን በጭስ የምታሳልፍ ሴት ንጹሕ አየር እንደምትተነፍስ ተደርጎ ይመዘገባልና።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው በሜዳማ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በድስቱ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የባቄላ ንፍሮ በቆላ ከሚፈጀው ጊዜ የበለጠ እሳት ላይ ይቆያል ማለት ነው። ማገዶውም በአብዛኛው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ከእንጨት ያነሰ ሙቀትና የበዛ ጭስ ይሰጣል። ብርዱ ሲጨመርበት ምድጃው ከማብሰያነት አልፎ የቤት ማሞቂያ ይሆናል። ስለዚህ የጭሱ መጠን፣ ወቅቱ ገና ሳይታሰብ፣ በከፊል በመልክዓ ምድሩ ተወስኗል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት ሰማዩ ጥርት ይላል። መሬቱ በቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ውርጭ የሚወርደውም ለዚህ ነው። በተለምዶ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጥና ቀዝቃዛው አየር ከሥር፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ከሥር ያለው ከባድ በመሆኑ ወደ ላይ አይነሳም፤ ወደ ዝቅተኛ ስፍራና ወደ ወንዝ ዳር እየተንሸራተተ ይተኛል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እሳት ሲቀጣጠል ጭሱ ይህን ክዳን መብሳት ስለሚሳነው በጣሪያዎች ከፍታ ተንጣልሎ ይቀራል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩን እስክታነቃንቀው ድረስ ሁኔታው ይቀጥላል።

የመንዝ ገበሬ ይህን ያለ መሣሪያ ያውቀዋል። በውቂያ ወራት ማለዳ ላይ ላይዳ አንሥቶ እህሉን ከገለባው ለመለየት አይሞክርም፤ ነፋስ እስኪነሳ ይጠብቃል። ገለባውን የሚወስደው ነፋስ የከተማውን ጭስም የሚጠርገው ነው። በእኔ አስተያየት የአውድማው ሰዓት የአየር ጥናት መርሐ ግብር ለሚያወጣ ተማሪ ከማንኛውም ካርታ ያላነሰ መረጃ ነው።

የበልጉ ነገር ብዙ አያወያይም፤ ዝናቡ ሲዘገይ ከታረሰ ደረቅ ማሳና ከጠጠር መንገድ አቧራ ይነሳል።

ክረምት ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ዝናቡ የደጁን አየር ያጥባል፤ ከደጅ የተተከለ መለኪያ ሐምሌንና ነሐሴን ከዓመቱ ንጹሕ ወራት ሊመድባቸው ይችላል። በዚያው ወር ግን በበጋ ደርቆ የተከመረው ኩበት እርጥበት ይስባል፣ በርና መስኮት ከብርዱ የተነሣ ይዘጋል፣ ሕፃናት ምድጃውን ከበው ይቀመጣሉ። ደጁን የሚያጸዳው ወቅት ቤቱን ያቆሽሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት መመዘኛ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም፣ ለቤት ውስጥም ለደጅም የሚሠራ ነው፤ የእኛ ልኬት ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይይዛል።

በዚህ ላይ የጉሙ ጉዳይ አለ። በክረምት ርካሾቹ የብርሃን መለኪያዎች በእርጥበት ያበጠን ብናኝ፣ አልፎም የጉም ጠብታን፣ እንደ ብክለት ሊቆጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ንባባቸው በማጣሪያ ወረቀት ተሰብስቦ ከሚመዘን ናሙና ጋር ሳይነጻጸር መታመን የለበትም።

ሁለት መሣሪያ ብቻ ያለው ተመራማሪ አንዱን ከማእድ ቤት ውስጥ፣ ተቀምጣ በምታበስል ሴት የፊት ከፍታ ልክ፣ ሌላውን ከዚያው ቤት ደጅ ቢሰቅልና በበጋም በክረምትም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢመዘግብ ይሻላል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲታደልም ይኸው ጥንድ ልኬት ያስፈልጋል። ማውጫው በክረምት የቤቱን ጭስ ያስወጣል፣ ዝናቡም ያጥበዋል። በበጋ ማለዳ ግን የሚያወጣው ጭስ ከዚያው ክዳን ሥር ይገባል፤ ማገዶው ራሱ ካልቀነሰ ወደ ጎረቤት በር ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።