ሰፊ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ በነጋዴ ቤት

በሸርቆሌ ለሚኖር ነጋዴ የቤት ኮምፒውተር ሲታሰብ፣ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የመብራት ነገር ነው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል፤ ገና ያልተቀመጠው የዕለቱ ሒሳብም አብሮት ይሄዳል። ላፕቶፕ ግን የራሱ ባትሪ ስላለው፣ ጸሐፊው ሒሳቡን ለማስቀመጥ ጊዜ ያገኛል።

ስክሪኑ 17 ኢንች፣ ይኸውም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 43 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ እንደ ሆነ፣ የገቢና የወጪ ዓምዶች ጎን ለጎን ይነበባሉ። እርግጥ ሰፊ ስክሪን ባትሪ ይበላል፤ ዕቃውም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ስለሚመዝን በየቀኑ ወደ ሱቅ ማመላለስ ያሰለቻል። ከቤት ለማይወጣ ዕቃ ግን ክብደት ነውር አይደለም።

ዋናው ጠላት የቆላው ሙቀት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት፣ ይልቁንም እስከ 100 በመቶ ተሞልቶ ከሶኬት ሳይነቀል ሲከርም፣ ፈጥኖ ያረጃል። አንዳንዶቹ ላፕቶፖች መሙላቱ በ80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚደረግበት ማስተካከያ አላቸው፤ ይህንኑ መጠቀም ይገባል። መተንፈሻውም በፍራሽ ወይም በጨርቅ እንዳይታፈን በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ዕቃውን ከአሶሳ ወይም ከአዲስ አበባ የሚገዛ ሰው፣ ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት፣ መለወጫ ባትሪ ለብቻው ይገኝ እንደ ሆነ ሻጩን ይጠይቅ።