በበሩ ላይ ያለው ስምና በመድረኩ ላይ ያለው ባንድ፦ በናሽቪል ብሮድዌይ የመጠጥ ቤት ምርጫ

በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ናሽቪል፣ ብሮድዌይ የተባለው ጎዳና ወደ ከምበርላንድ ወንዝ በሚወርድበት አጭር ርቀት፣ በካንትሪ ሙዚቃ ዝነኞች ስም የሚታወቁ መጠጥ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት የመጣ ጎብኚ ከእነዚህ አንዱን ሲመርጥ የሚወደውን ድምፃዊ ስም ተከትሎ መግባቱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ስሙ ውስጥ ስለሚሰማው ሙዚቃ ምን ያህል ይናገራል የሚለው ነው።

የሠፈሩ ዝና ከዝነኞቹ ቤቶች ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1974 ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት መኖሪያ የራይማን አዳራሽ ነበር። ቱትሲስ ኦርኪድ ላውንጅን ከአዳራሹ የሚለየው ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ስለሆነ፣ ከ1960 ወዲህ ድምፃውያኑ በዝግጅት መካከል በጓሮ በር እየገቡ ይጠጡ ነበር። ያን ጊዜ ዝነኛው የቤቱ ደንበኛ እንጂ የቤቱ ስም አልነበረም። በ2016 አለን ጃክሰን የራሱን ቤት ከፈተ፤ በ2018 ጄሰን አልዲን፣ ሉክ ብራያንና ብሌክ ሼልተን፣ በ2021 ሚራንዳ ላምበርት፣ በ2024 ደግሞ ኤሪክ ቸርችና ሌይኒ ዊልሰን ተከተሉ።

በተለምዶ ሁሉም «የእገሌ ቤት» ይባሉ እንጂ አሠራራቸው አንድ አይደለም። የአልዲንን፣ የብራያንን፣ የላምበርትንና የዊልሰንን ቤቶች የሚያስተዳድረው ቲሲ ሬስቶራንት ግሩፕ የተባለ አንድ ኩባንያ ነው። ከሼልተን ጋር የተያያዘው ኦል ሬድ ደግሞ የራይማን አዳራሽ ባለቤት ከሆነው ከራይማን ሆስፒታሊቲ ፕሮፐርቲስ ንግዶች አንዱ ነው። እንግዲህ በአልዲንና በብራያን መካከል የሚያመነታ ጎብኚ፣ ሳያውቀው፣ ከአንድ ኩባንያ ሁለት ቤቶች እያማረጠ ነው። ፎቅ በፎቅ የተደራረቡ መድረኮች፣ ወጥ ቤትና የጣሪያ ላይ መዝናኛ በሁለቱም አሉ።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ፊሊፕ ኔልሰን በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሸማች ከመግዛቱ በፊት መርምሮ ሊያውቀው የሚችለውን ጥራት ከተጠቀመ በኋላ ብቻ ከሚያውቀው ለይቶ ነበር። የባንድ ችሎታ በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ይመደባል፤ ለመስማት አስቀድሞ ትኬት መግዛት ያስፈልጋልና። በብሮድዌይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኞቹ ቤቶች የመግቢያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ብዙ መድረኮችም በመስኮት አጠገብ የተሠሩ በመሆናቸው ሙዚቀኞቹ ጀርባቸውን ለጎዳናው ሰጥተው ሲጫወቱ ድምፁ ለአላፊ አግዳሚው ይሰማል። ስም የሚጠቅመው መረጃ ውድ ሲሆን ነው፤ እዚህ ሁለት ዘፈን ቆሞ ማዳመጥ ከጥቂት ደቂቃ በስተቀር ምንም አያስከፍልም። ነገር ግን የጎረቤት ቤቶች ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚደባለቅ ከእግረኛ መንገዱ የሚደረግ ፍርድ አንዳንዴ ያሳስታል። ወደ በሩ መጠጋት፣ የላይኛዎቹን ፎቆችም ማየት ያስፈልጋል፤ በየፎቁ የተለየ ባንድ ሊኖር ይችላልና።

ምርጫው የጎብኚው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሆንኪ ቶንኮቹ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ገቢ በእጅጉ የተመሠረተው በአድማጭ ጉርሻ ላይ ነው፤ አንድ ባንድ አራት ሰዓት ገደማ ከተጫወተ በኋላ ከባልዲው የወጣውን ይካፈላል። የዝነኛው ስም ብዙ ሰው ሊያመጣላቸው ይችላል፤ ያ ሰው ግን የመጣው ለእነርሱ አይደለም። ስሙ የተሰቀለለት ድምፃዊም አብዛኛውን ምሽት በቤቱ የለም።

ስም እውነተኛ ምልክት የሚሆነው የባለስሙ ምርጫ መድረኩን ሲገዛ ነው። የጃክሰን ቤት ነባሩን የካንትሪ ስልት ያስቀድማል፤ ይህም ከድምፃዊው የሕይወት ዘመን ሥራ ጋር ይስማማል። ቺፍስ የተባለው የቸርች ቤት ትኬት የሚቆረጥላቸው ዝግጅቶች ስላሉት ማን እንደሚጫወት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከሁሉም ይልቅ ባለቤትንና መድረክን ያገናኘው ግን በዝነኞቹ ዝርዝር ውስጥ የማይገባው ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ ነው፤ ባለቤቱ ብራዚል የተወለደው ጄሲ ሊ ጆንስ ሲሆን፣ ብራዚልቢሊ የተባለውን የቤቱን ባንድ ራሱ እየዘፈነ ይመራል።