መሶብ የሚመስለው እንጨት፦ ክዳኑ ለምን አይገጥምም?

በጎንደር የተሰፋ መሶብ በደባርቅ ደጋ ከከረመ በኋላ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ ቢወርድ፣ ክዳኑ እንደ ቀድሞው ይገጥማል። ከእንጨት ተቀርጾ፣ ዙሩም ቀለሙም ቁርጥ መሶብ እንዲመስል የተሠራ ዕቃ በዚያው መንገድ ቢወርድ ግን ክዳኑ አልገባ ሊል ይችላል። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዕቃዎች ጠባያቸው ለምን ተለያየ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

እንጨትን ስፌት ማስመሰል በተለይ በአሜሪካ የታወቀ ጥበብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጀመሩት ሰዎች መካከል ሊንከን ሳይትዝማን ይጠቀሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ በቶርኖ ላይ እየዞረ በዕቃ መልክ ይቀረጻል፤ ከዚያም ላዩ ላይ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ክብ ጉብታዎች ተራ በተራ ይወጡለታል። በጉብታዎቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሲወጠር ሰበቃው እንጨቱን አግሎ ያጠቁረዋል። (ሽቦው ሁለት እጀታ ሊኖረው ይገባል፤ በጣት ጠምጥሞ መያዝ ጣት ያስቆርጣል።) ቀጥሎ ከመካከል ወደ ጠርዝ የሚወጡ መስመሮች በጋለ ብረት ይተኮሳሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍል በቀለም ይሞላል። የተተኮሰው መስመር ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ በእንጨቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ተስቦ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ያግዳል።

ዲያሜትሩ 300 ሚሊሜትር የሆነ ክዳን 37 ያህል ጉብታዎች ይይዛል። ዙሪያው በ144 ከተከፈለ ከ5,000 በላይ ክፍሎች ይኖሩታል ማለት ነው። 144 የተመረጠበት ምክንያት ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። አምስት ጊዜ የሚደጋገም ሐረግ ለመሣል የፈለገ ሰው ግን ለእያንዳንዱ 28.8 ክፍል ይደርሰዋልና ሌላ ቁጥር መፈለግ አለበት።

ሰፊዋ ይህ ችግር የለባትም። የዙሩ ውፍረትና የአንዱ ስፌት ስፋት እኩል ቢሆኑ፣ ዙሪያው በየዙሩ በውፍረቱ 2π እጥፍ ስለሚያድግ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ያህል ስፌት ትጨምራለች፤ ይህንም በወስፌዋ እየወጋች ስትሄድ ዓይኗና እጇ ይወስኑታል። ስለዚህ ስፌቷ ከመካከል እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ስፋት ይኖረዋል። በእንጨቱ ላይ ግን የመስመሮቹ ቁጥር ስለማይለወጥ፣ ከመካከል በ50 ሚሊሜትር ርቀት 2.2 ሚሊሜትር የነበረው ክፍል ጠርዝ ላይ 6.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ሌላም ልዩነት አለ፤ መሶብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ነው፤ ስለዚህ አንድ ዙር አለላ የተነሣበትን ቦታ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። የቶርኖ ቀለበት ግን በራሱ ላይ ይዘጋል። ስፌት የምታውቅ ሴት አስመሳዩን በዚህ ብቻ የምትለየው ይመስለኛል።

ወደ ክዳኑ እንመለስ። ዛሪማ ከደባርቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቷ ይበልጣል፤ የሙቀቱ ልዩነት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ተመሳሳይ የውሃ ተን የያዘ አየር ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይቀንሳል። ለምሳሌ ከ60 ወደ 40 በመቶ ወረደ እንበል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃም ከ11 ወደ 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። ከእርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ በዓመታዊ ቀለበቶቹ አቅጣጫ 8 በመቶ፣ ከግንዱ መካከል ወደ ቅርፊት 4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል እንበል፤ በቁመቱ ግን የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። መኮማተሩ የሚጀምረው ውሃው ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ስለሆነ፣ የ3 በመቶ ለውጥ የሙሉውን አንድ አሥረኛ ያመጣል። ስለዚህ 300 ሚሊሜትር የነበረው አፍ በአንድ በኩል 300 ሆኖ ሲቀር በሌላው በኩል 297.6 ይሆናል። ክቡ ሞላላ ሆነ። በላዩ የሚደፋው ክዳን ውስጡ 301 ቢሆን፣ እርሱም 301 በ298.6 ይሆናል። ሁለቱ በተቀረጹበት አቅጣጫ ሲገጠሙ ምንም ችግር የለም፤ ክዳኑ ሩብ ዙር ከዞረ ግን 298.6 በ300 ላይ ይመጣና አይገባም። በዚህ ጊዜ ጠርዙን በመሮ ላንሣለት የሚል ሰው የወራት ቀለሙን አብሮ ያነሣዋል።

መሶብ ከዚህ የዳነው ሣሩ ክቡን ተከትሎ ስለሚዞር ነው። የሣር ቃጫም እንደ እንጨት በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ ቁመቱ ደግሞ በመሶቡ ዙሪያ ሁሉ የተዘረጋ ስለሆነ፣ የሚያጥረው ትንሽ ነገር በሁሉም ማዕዘን እኩል ይሆናል፤ ክቡም ክብ ሆኖ ይቀራል። በእንጨቱ ውስጥ ግን ቃጫው ቀለበቶቹን ሳይከተል ቀጥ ብሎ ያልፋል።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ወፍራም አድርጎ ይቅረጸው፤ ዕቃው በሚቀመጥበት አገር አየር እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ቀጥሎ ዳግመኛ ቀርጾ ልኩን ያውጣ። ክዳኑና አካሉ ከአንድ ጣውላ፣ በአንድ አቅጣጫ ይውጡ። እንጨቱም እንደ ዝግባ ቀለሙ ፈዛዛ፣ መልኩ ወጥ ቢሆን ይመረጣል፤ የወይራ ዥንጉርጉር መልክ ሐረጉን ይውጠዋል። ስድስት ጊዜ የሚደጋገም ሐረግ በየ60 ዲግሪው የገጠመ እየመሰለ ስለሚያታልል፣ ከክዳኑ ጠርዝ አንዲት ክፍል፣ ከአካሉም ትክክለኛዋን አንዲት ክፍል በሌላ ቦታ በሌለ ቀለም መሙላት ያስፈልጋል። ዕቃው ዛሪማ ሲደርስ እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ይደረጉና ክዳኑ ይከደናል።