መንዝ ወጥታ ለምታክም ልጄ

ልጄ፣ ከባሕር ማዶ የዓመት ፈቃድሽን ወስደሽ መሐል ሜዳ ሆስፒታል በነጻ ልታክሚ እንዳሰብሽ እናትሽ ነገረችኝ። እሰየው! እኔም በዚያ ደጋ በነርስነት የከረምኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድሽን ጨርሺ። የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጡ ጊዜ ይበላል፤ እዚህ ደርሰሽ «የአገር ልጅ ነኝ» ብትዪ ጓንት የሚያቀብልሽ የለም፤ ባይኖርም ደግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋ፣ ከደብረ ብርሃን ከመነሣትሽ በፊት የዕለቱን ወሬ ጠይቂ።

2. ሻንጣሽን ከመሙላትሽ በፊት ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ደውዪ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ቀሪ ዕድሜ ይኑረው ይላል። ጊዜው ያለፈበት ስጦታ መጋዘን ያጣብባል፣ ማስወገዱም ወጪ ነው፤ እንግዳ ላለማስቀየም ሲባል ግን ማንም አይነግርሽም።

3. አማርኛሽ ቢኮላተፍ አትፈሪ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በልጅነታቸው ተወስደው፣ ሕንድ አድገው፣ ሐኪም ሆነው ሲመለሱ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር። ይልቅ ለትልቅ ሰው «አንቺ» እንዳታመልጥሽ፤ «እማማ፣ አባባ» በዪ።

4. ዋናው ይህ ነው። አንዲት እናት ይመጣሉ። ከመስኮቱ ብርሃን ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንገታቸውን ብታዪ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ታስሯል። ትራኮማ የዐይናቸውን ቆብ ወደ ውስጥ አጥፎት ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል፤ ጎረቤት እየነቀለችላቸው ኖረዋል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ ከአገሪቱ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነው። ቆቡን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ቀላል ነው፤ በጤና ጣቢያ የሚሠራውም ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ነው። አንቺ በተማርሽበት አገር ይህን ዐይን አይተሽ ላታውቂ ትችያለሽ። ስለዚህ መቀስ ከእጁ አትቀበዪ፤ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ተማሪ። ማጉያ መነጽሩ ተጭሮ ከሆነ ግን አዲስ አምጪለት። ካመጣሽው ሁሉ የሚሠራበት ምናልባት እሱ ብቻ ነው።

5. መንዝ ውርጭ ነው፣ ወባ የለም ብለሽ አትዘናጊ፤ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ «ቆላ ወርደህ ነበር?» በዪው። ለጉልበት ሥራ ወርዶ ወባ ይዞ የሚወጣው ብዙ ነው። ካልወረደ በቅማል የሚተላለፉትን ግርሻንና ተስቦን አስቢ፤ ቅማል ከብርዱ ጋር በባናውና በበርኖሱ ውስጥ ይከርማልና። ግርሻ ከሆነ መድኃኒቱ በተሰጠው በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርዱና ትኩሳቱ ይብስበታል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። የሌሊት ተረኛዋ ይህን ታውቀዋለች፤ «ዛሬ እዚሁ ይደር» ካለችሽ ይደር።

6. ጾምና ጠበልን አትከራከሪ። ኪኒኑን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ከተቻለ አድርጊው፤ ካልተቻለ ቄሱን አስጠሪ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ብለዋል፤ ይህን ማስታወስ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

7. ክትትል የሚፈልግ ነገር ስትጀምሪ «እኔ ስሄድ ታካሚዋን ማን ያያታል?» በዪ። ስም መጥራት ካቃተሽ ቆዳ አትቅደጂ፤ ለደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፊላትና የመኪናውን ከኪስሽ ክፈዪ። ያደረግሽውን ሁሉ ካርዱ ላይ በሚነበብ ጽሕፈት አስፍሪ፤ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ንገሪያት፤ ቁስሉን በሳምንቱ ቤት ድረስ ሄዳ የምታየው እሷ ናት። መርሐቤቴን ተመልከቺ፤ የካርልሀይንዝ በም የረድኤት ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» እዚያ ዓመታት ቆይቶ ነው የሠራው፣ ዓለም ከተማ ያሠራው እናት ሆስፒታልም ዛሬ ድረስ ያክማል። አንቺ ያን ያህል ዓመት የለሽም። ግን በሚቀጥለው ዓመት ስትመጪ ሌላ ወረዳ አታማርጪ፤ እዚያው፣ ያው ነርስ ዘንድ ተመለሺ።