ታብሌት የላፕቶፕን ቦታ ሊይዝ ይችላልን?

በያዝነው የትምህርት ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲው ከገቡት አዲስ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ሲያቀርቡልን ቆይተዋል። ጥያቄውም «ወላጆቻችን እንደ ምንም ብለው ያጠራቀሙልን ገንዘብ ከአንድ ዕቃ በላይ አይገዛም፤ ታብሌት እንግዛበት ወይስ ላፕቶፕ?» የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ዕቁብ እየጣለች ገንዘቡን ካጠራቀመችው እናት አንጻር ሲመለከቱት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዕቃው አንድ ጊዜ ከተገዛ እስከ ምረቃ ድረስ አብሮ የሚኖር ነውና፥ ምርጫው ቢሳሳት የሚታረምበት ሁለተኛ ገንዘብ የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሥነ ጽሑፍ፥ የታሪክና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪ ከሚሠራው ሥራ አንጻር ለመመርመር ተነሥተናል።

ላፕቶፕና ታብሌት ምን እንደ ሆኑ ለዚህ ትውልድ ማስረዳት ድካም ነው። ስለ ስሙ ግን አንድ ቃል እንበል። ታብሌት የሚለውን ቃል በግዕዝ እንተርጉመው ብንል መዝገበ ቃላቱ ወደ «ጽላት» ይመራናል። ከበላያችን ደግሞ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል አሉ፤ ካህናቱ የሚሉንን ከመስማት እንደ ገበያው ታብሌት ብለን መቀጠሉን መርጠናል።

ዕቃው የዛሬ አይደለም። አለን ኬይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ልጆች እንደ ደብተር ይዘውት የሚዞሩትን ኮምፒዩተር በጽሑፍና በሥዕል አቅርቦ ነበር፤ ስሙንም ዳይናቡክ አለው። አፕል አይፓድን ያወጣው ከዚያ 38 ዓመት ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በኬይ ሥዕል ላይ ዛሬ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ከመስኮቱ በታች የፊደል ገበታ፥ ማለትም ኪቦርድ ተሥሎበታል። አሳቡን አስቀድሞ ያሰበው ሰው አንባቢውን ከጸሐፊው አልለየውም ነበር ማለት ነው። አይፓድ ሲመጣ ግን ኪቦርዱ ከመስታወቱ ሥር ገባ፤ የክርክሩም ሥር እዚህ ላይ ነው።

በንባብ በኩል ታብሌት ያለ ክርክር ይበልጣል። የብራና መጻሕፍትን ለሚያጠና ተማሪ በተለይ ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ፥ በሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም ከተነሡት መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት ማንም ተመዝግቦ እንዲያያቸው አድርጓል። የብራና ገጽ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ የላፕቶፕ መስኮት ግን ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። በላፕቶፕ ገጹን ሙሉውን ልይ ያለ ሰው ፊደሉ ያንስበታል፤ ፊደሉን ላጉላ ሲል ገጹ ይቆረጥበታል። ታብሌቱን አቁሞ የያዘ ግን ብራናውን ራሱን የያዘ ያህል ነው፤ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የቅዱሳን ስም በሁለት ጣት ከፍቶ እስከ ብርዑ ጭረት ድረስ ያየዋል።

ስለ ክብደቱም ያው ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሠፈሮች ነው። ማለዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁለቱን መውረድ አያስቸግርም፤ ማታ ግን ያገለገለ ወፍራም ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ተሸክሞ ዳገቱን መመለስ ትከሻ ይፈልጋል። (ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አዝለው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ስለ ላፕቶፕ ክብደት ለማማረር እንደሚያፍር እናውቃለን፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አናበዛም።)

ወደ ጽሕፈት ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እኛ አራት ጓደኛሞች ለሁለት ወር ያህል ሁለት ታብሌትና ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች እየተለዋወጥን ሠርተናል። ለሌክቸር ማስታወሻ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ለድርሰት ግን አንድ ነገር ታዘብን፤ በታብሌት የተጻፈው ሁልጊዜ አጭር ነበር። ያጠረውም ተመርጦና ተጣርቶ አልነበረም። ኪቦርዱ ከመስታወቱ ላይ ሲነሣ የገጹን ግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ ጸሐፊው ከሦስት አንቀጽ በፊት ያለውን አያይም፤ ያላየውን አያርምም። አንዱን አንቀጽ ቆርጦ ወደ ላይ መውሰድ በጣት አድካሚ ስለ ሆነ፥ በተጻፈበት ቦታ ይቀራል። ክርክሩ መጀመሪያ እንደ መጣለት ሆኖ ለመምህሩ ይቀርባል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የራሳችን የፊደል ጉዳይ አለ። 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፥ ጓና ሏን የመሳሰሉት ዲቃላዎች ሳይቆጠሩ። ይህ ብዛት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ለደከሙት ለኢንጂነር አያና ብሩም ፈተና ነበር። በላፕቶፕ አብዛኞቻችን ለአንድ ፊደል ሁለት፥ አንዳንዴም ሦስት ቁልፍ እንመታለን፤ ቢሆንም እጅ ከለመደ ዓይን ቁልፉን አይፈልግም፤ አሳብ በአንድ በኩል፥ ጣት በሌላ በኩል ይሄዳሉ። በታብሌት ግን መጀመሪያ ግዕዙ ይነካል፤ ከዚያ ካዕብና ሣልሱ ተደርድረው ብቅ ይላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ፊደል ዓይን ወደ ታች መውረድ አለበት። ለአጭር መልእክት ይህ ምንም አይደለም፤ ለሠላሳ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዓይንም አሳብም ይደክማል።

በዚህ ላይ አሮጌ ፋይሎች አሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፊደል ይዞ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በየጽሕፈት ቤቱ የቀድሞው ልማድ ለብዙ ዓመታት አልቀረም። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለውን ሰነድ በታብሌት ሲከፍተው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ይሆንበታል። ላፕቶፕ ያለው ግን ፊደሉን ፈልጎ ጭኖ ያነበዋል። ብዙ ጸሐፊዎች የለመዱት ፓወር ግዕዝም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ለሶሺዮሎጂና ለኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችንም ኤስፒኤስኤስን የመሳሰሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች በታብሌት አይሠሩም።

በመብራት በኩል ታብሌት ብልጫውን መልሶ ይይዛል። በስልክ ቻርጀርና በፓወር ባንክ ይሞላል፤ ላፕቶፕ ግን የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ብዙ እጥፍ ነው፤ ያገለገለው ደግሞ ባትሪው ስለ ደከመ መብራት በጠፋ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ለፈተና ሳምንት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አገራችን ይህን ዕቃ በምን በምን እንደ ሞከረችው መመልከትም ይጠቅማል። ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚሆኑ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተደጋግሞ ቢራዘምም ምርጫው ትክክል ነበር እንላለን። ቆጣሪ ቆሞ ይጠይቃል፤ የተዘጋጀውን መልስ ይነካል፤ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. መሰጠት የነበረበት የ12ኛ ክፍል ፈተናም በታብሌት እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር፤ ታብሌቶቹ በጊዜው ባለመድረሳቸው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። እዚህም ላይ ተፈታኙ የሚፈለግበት ሀ፥ ለ፥ ሐ ወይም መ ብሎ መምረጥ ብቻ ነው። ድርሰት የሚጻፍበት ፈተና ቢሆን ኖሮ ዕቅዱ ያው ይሆን ነበር ወይ ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የወንጪና የወለንጪቲ ሙከራ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚል ስም የያዘው የአሜሪካ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በሌለባቸው በሁለቱ አካባቢዎች፥ በየመንደሩ ለሃያ ያህል ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፥ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ኤቢሲ ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ከልጆቹም አንዱ የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ «ላየን» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ አንበሳ ማለቱ ነው።

የወንጪን ልጅ ብልህነት የሚጠራጠር ቢኖር እኛ አይደለንም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፥ መሣሪያው የተናገራቸው በአፋቸው ቋንቋ አልነበረም። ይኸው ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ላፕቶፖች ሲያመጣ ግን ቁልፎቹ ላይ የእኛ ፊደል ታትሞባቸው ነበር፤ ቁልፍ ያለው ዕቃ ወደ ሰው አገር ሲገባ የአገሩን ፊደል ለመማር ይገደዳል። ሁለተኛ፥ በታብሌቱ ብዙ ታየ፥ ብዙ ተዘመረ፥ የተጻፈው ግን አንድ ቃል ነው። ከአንድ ቃል እስከ ሠላሳ ገጽ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም የሚፈተነው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል የእኛ ፋኩልቲ ተማሪ አዲስ ታብሌት ከሚገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛ ይሻላል። ባትሪው ቢደክም ይለወጣል፤ ዲስኩ ቢበላሽ ይቀየራል፤ ታብሌት ግን በሙጫ የታሸገ ስለ ሆነ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ጥገናው ከግዢው ጋር ይፎካከራል። ታብሌት ላይ ኪቦርድና ብዕር ጨምሬ ላፕቶፕ አደርገዋለሁ የሚልም ዋጋውን ደምሮ ይይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑን ያልፈዋል። ቤቱ ላፕቶፕ ያለ ወይም በዲፓርትመንቱ የኮምፒዩተር ክፍል እንደ ልብ የሚገባ ተማሪ ግን ታብሌት ቢገዛ አንነቅፈውም፤ ሲያነብ እንቀናበታለን።

ታብሌት አስቀድሞ የተገዛለት ወንድም ወይም እኅት አይዘን። በኬብል የሚሰካ ርካሽ ኪቦርድ ከትንሽ ማገናኛ ጋር መገናኛም መርካቶም ይገኛል። ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩ ፊት ሰክታችሁ «ጓደኛዬ ቋንቋ ታጠናለች።» ብላችሁ ጻፉ፤ ጓ እና ቋ ካልወጡ፥ አራት ነጥቡም ካልመጣ፥ ሌላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።